ሣር የሚያቀብል ሰው

«የኔታ፣ እኩዮቼ ሙያ ሲማሩ እኔ ተኝቻለሁ። ተኝቼ ግን በሐሳቤ ልብስ ስፌት እማራለሁ፤ ጨርቁን እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እጨርሳለሁ። ይህ ከንቱ ምኞት ነው ወይስ ይጠቅመኛል?» ስትል አንዲት የታመመች ልጅ ሊጠይቋት የመጡትን ሽማግሌ መምህሯን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ብቻውን የሚኖር። መንደሩ ለደቦ ሲጠራራ «የራሴ ሥራ አለብኝ» እያለ ይቀራል። እሱም ማንንም አይጠራም። እንዲህ ሲኖር የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ የሚያስታውሰውም አልነበረም።

ይህ ሰው በግንቦት ታመመና አልጋ ላይ ዋለ። ከራስጌው በላይ የጣራው ሣር በስብሶ ስለነበር በቀዳዳው ሰማይ ይታየዋል። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ያልፍበታል። «ክረምቱ እንዲህ እንደተኛሁ ከደረሰብኝ፣ ከበሽታው ብተርፍ ከዝናቡ አልተርፍም» ብሎ ፈራ። ውሃ የሚሰጠው እንኳ አልነበረም፤ እየዳኸ ከእንስራው ይቀዳል፣ እየዳኸ ይመለሳል። አንዳንዴ በሩ የተንኳኳ ይመስለውና ያዳምጣል። ነፋስ ነው።

ከፍርሃቱ ለመሸሽ ማለም ጀመረ። «ስነሣ ቤት መክደን እማራለሁ» አለ። በመንደሩ የታወቀ ቤት ከዳኝ ነበረ፤ እሱ ሲሠራ ከሩቅ ያየውን እያስታወሰ በሐሳቡ መሰላል ወጣ። ከታች ጀምሮ ሣሩን ደረደረ፤ በልጥ አሰረ፤ በእጁ እየዳበሰ አስተካከለ። ሲደክመው ይተኛል፤ ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥራው አንድም ቀን አልተበላሸበትም። እየዋለ እያደረ ጉልላቱ ጋ ሊደርስ ተቃረበ።

አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ጫጫታ ሰማ። የጎረቤቱ ቤት በደቦ እየተከደነ ነው። ቤት ከዳኙ ከጣራ ላይ፣ «ኧረ ሣር! ሣር አቀብሉኝ እንጂ! በጋቢዬ ልክደነው እንዴ?» እያለ ይጮኻል። ከታች ያሉትም፣ «አንተ ምን አለብህ፣ እንደ ቁራ ከላይ ሆኖ መጮህ ነው! የኛ ትከሻ ተላጠ» እያሉ ይስቁበታል።

የታመመው ሰው ይህን ሲሰማ በሐሳቡ የያዘው ሥራ ቆመ። እሱ ያን ሁሉ ቀን ሲከድን አንድ ጊዜ እንኳ «ሣር» ብሎ አልተጣራም። ታዲያ ያን ሁሉ ሣር ማን ሲያቀብለው ኖሯል? ከጣራው ላይ ሆኖ ወደ ታች ተመለከተ። ማንም የለም። የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በሐሳቡ እያመጣ ከመሰላሉ ሥር ሊያቆማቸው ሞከረ፤ አልቆሙለትም። እሱ ለማንም ጣራ ሣር አቀብሎ አያውቅምና። ከበሽታው ይልቅ ይህ አመመው።

ዱላውን ይዞ ተነሣ። እየተንገዳገደ ከጎረቤቱ ደጅ ደረሰ። መቆም ስላልቻለ ከሣሩ ክምር አጠገብ ተቀመጠና አንድ እስር አንሥቶ አጠገቡ ለቆመው ሰው አቀበለ።

«ምነው ጃል፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። የቤቱ ባለቤት ግን የበሽተኛውን ፊት አይቶ ደነገጠ።

«አንተ ሰው፣ ታመሃል እንዴ?»

«ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳትልክብን?»

«በማን ልላክ?»

ሳቁ ቀረ። አንድ በአንድ «እግዜር ይማርህ» አሉት። ከላይ ያለው ግን ይህን አልሰማምና «ሣር!» ብሎ ጮኸ። በሽተኛውም ሌላ እስር አነሣ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ያንኑ ቤት ከዳኝ ይዞ መጣ። ከደቦው የተረፈው ሣር ጥቂት ስለነበር ከጣራው አንዱ ጎን ብቻ ተከደነ። ክረምቱም ገባ። ጎረቤቱ አልጋውን ወደ ደረቁ በኩል ጎተተለት፤ ዝናቡ በሌላው ጎን ሲወርድ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩት ነበር።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሐሳብሽ ከንቱ አይደለም። ያ ሰው በሐሳቡ ጣራ ላይ ባይወጣ ኖሮ ከሥሩ ማንም እንደሌለ አያውቅም ነበር። የሕመም አልጋ ሙያ አያስተምርም፤ የጎደለንን ሰው ግን ያሳያል። እስቲ ንገሪኝ፣ በሐሳብሽ የምትሰፊውን ልብስ ማን ላይ ትለኪዋለሽ?»

ልጅቷም «ማንም ላይ አልለካውም» አለች። «ሰፍቼ ስጨርስ እሰቅለዋለሁ።»

«ያም ሰው እንዳንቺው ነበር። አንቺ ያለ ለባሽ ትሰፊያለሽ፤ እሱ ያለ አቀባይ ከደነ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ፈልጊ፤ መርፌው አይጠፋም። እሱ የተነሣው ድኖ አይደለም፤ አንቺም እስክትድኚ አትጠብቂ» አሉና ክንዳቸውን ወደ አልጋው ዘረጉላት።

«በይ፣ በስንዝርሽ ለኪኝ።»