ቀበሮዋ አትንኩ ያለችው ጎመን

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በሚገበያዩበት የወንዝ ዳር ገበያ አንዲት ቀበሮ ጎመን ትሸጥ ነበር። አህያ፣ ገና የወለደች እህቷ ወተቷ ስለነጠፈባት፣ ለምለም ጎመን ልትገዛላት ወደዚያ ሄደች። የቀበሮዋ ጎመን ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አህያ አንዱን እስር ፈታ አድርጋ ማየት ብትፈልግ፣ ቀበሮ ጎመኑ ጎህ ሲቀድ የተቀጠፈ መሆኑን፣ የታሰረ መፍታትም ሻጭን እንደ ሌባ መቁጠር መሆኑን በለዘበ አንደበት ነገረቻት። አህያ አፈረች። ሳታይ ገዛች።

ቤቷ ወስዳ ብትፈታው ለምለሙ ላይ ላዩ ብቻ ነው። መሃሉ ቢጫ ሆኗል፤ ሥሩ ይሙለጨለጫል፣ ይሸታል። እህቷ ርቧት ስለነበር ደህና ደህናውን መርጣ ብትበላም ሆዷን ሲቆርጣት ዋለ። ውርንጭላዋ ባዶ ጡት እየሳበች ታለቅሳለች። አህያ ተናደደች። ያበገናት የጎመኑ መበስበስ ብቻ አልነበረም፤ የምትገዛውን ልይ በማለቷ እንድታፍር መደረጓም ጭምር እንጂ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሳ ሄደች። ቀበሮ አሁን ጅብን አጥንት እሰጥሃለሁ ብላ ዘበኛ አድርጋዋለች። ፍየሎችና በጎች እሱን እየፈሩ፣ በዓይናቸው ብቻ መርጠው ይገዛሉ። አህያ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ አንድ እስር አነሳች።

«አስቀምጪው፤ መንካት ክልክል ነው» አላት ጅብ።

«ሳልነካ አልገዛም» አለች አህያ፣ ሁሉም እንዲሰማት። «ባለፈው የሸጠችልኝ መሃሉ በስብሶ እህቴን አሞብኛል።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «እመት አህያ፣ ቤትሽ አቆይተሽው ይሆናላ። የእኔ ጎመን ለምለም ለመሆኑ አያ ጅብ ምስክሬ ነው።»

ጅብ ስሙ ሲጠራ ደረቱን ነፋ፤ አጥንቱም ትዝ አለው። «እንዴት አይለመልም? ካለፈው ገበያ ጀምሮ ጧት ማታ ውሃ የማርከፈክፍበት እኔ አይደለሁ? ለዚህም አንድ አጥንት ይጨመርልኝ» አለ።

አህያ የያዘችውን አገዳ ልትሰብረው ብትሞክር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጠፈ። እስሩን በጣጥሳ መሃሉን በሁሉም ፊት ዘረገፈችው። አንዲት አሮጊት ፍየል የገዛችውን ፈታች፤ ያው ነው። በጎቹም ፈቱ። ከዚያ በኋላ የበሰበሰው ጎመን በቀበሮ ላይ ይዘንብ ጀመር። ቀበሮ ስትሸሽ፣ ጅብ አጥንቴን እያለ ከኋላዋ ተከተላት።

አህያ ንዴቷ ሳይበርድላት ወደ ጥንቸል መደብ አለፈች። ጥንቸል ሳትጠየቅ እስሩን ፈትታ ዘረጋችላት። አህያ አገዳውን ሰበር ብታደርገው ቀጭ አለ። የዚያን ለት እህቷ ጠግባ በላች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንገዛውን አገላብጠን ማየት መብታችን እንጂ ነውራችን እንዳልሆነ፣ ሊያሳፍረን የሚሞክር ሻጭም የሚደብቀው ነገር እንዳለው ነው።