ዝናብ የለየው ከበሮ

አንድ ወንዝ ለሁለት የከፈላት ከተማ ነበረች። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል። ሰርግ ይተላለፋል፤ ለቅሶ ከዳር ሆኖ በጩኸት ይደረሳል።

በዚያች ከተማ ሹም የሚመረጠው ጠጠር በመጣል ነው፤ ልብ የሚሰረቀው ግን በከበሮ ነበር። ብዙ ከበሮ ያሰለፈ ተወዳዳሪ ብዙ ወዳጅ ያለው ይመስላል። ሰው ደግሞ ወዳጅ ወደበዛበት ማዘንበል ይወዳል። ከበሮ የበሬ ቆዳ ይበላልና ውድ ነው። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሕግ አቆሙ። ለቅስቀሳ የሚወጣ ከበሮ የመቺው የራሱ ይሁን፤ አንድ ቤትም ከአንድ በላይ አያውጣ። በሰው ከበሮ የቀሰቀሰ ኮሚቴ ከበሮው ይነጠቅና አደባባዩ መካከል ካለው ዋርካ ላይ ይሰቀላል፤ ምርጫው እስኪያልፍ አይመታም። ይህን የሚያስከብረው ሰው የከበሮ ዳኛ ይባላል።

በዚያ ዓመት ዳኛዋ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ከወንዙ ወዲህ፣ እህቷ ስንዱ ከወንዙ ወዲያ። ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ የሚገባው ክረምቱ ሲበረታ ነው። እናት የላቸውም። «ብቻዬን አታስወልጂኝም አይደል?» ብላ ስትጠይቃት፣ ትርንጎ «ሞቼ ነው?» ብላ ማለችላት። ወንዙ ግን አልማለም።

እናም ይርዳው የሚባል ሰው ተነሣና «ከመረጣችሁኝ ክረምቱ ሳይገባ ድልድይ አቆማለሁ!» አለ። ተቃዋሚው ለገበያው ትልቅ ዳስ እሠራለሁ የሚል ነበር። ዳስ! ትርንጎ ሳቀች። ዳኛ አትሳቅ የሚል ሕግ የለም።

ቅስቀሳው ጀመረ። ወይ ያ ሰሞን! ከተማዋ እንቅልፍ አጣች። ከላይ ሰፈር ከበሮ፣ ከታች ሰፈር ከበሮ። የይርዳው ኮሚቴ መጀመሪያ ጥቂት የተላላጡ ከበሮዎች ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ግን ጎዳናው በአዳዲስ ከበሮ ተሞላ። ድልድይ! ድም። ድልድይ! ድም። መስኮት ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው መርፌውን ጥሎ ትከሻውን ይነቀንቃል። ወፍጮ ቤት የወረፋ ጠብ ቀረ፤ ወረፋው ራሱ ይጨፍር ጀመር። ትርንጎም ቤቷ ውስጥ፣ በሯን ዘግታ፣ ማንም እንዳያያት አንድ ሁለት እስክስታ ወረደች።

ሥራዋን ግን ሠርታለች። እየዞረች ጠይቃለች።

«ይሄ ከበሮ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ፣ እትዬ ትርንጎ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ከመቼ ወዲህ?»

«እ... ከድሮ ጀምሮ!»

የድሮው ከበሮ የአዲስ ቆዳ ሽታ ይሸታል። ትርንጎ ሸተታት። ስንዱን አሰበችና ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍንጫዋን ጠርጋ አለፈች።

ከምርጫው በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ሁለቱም ኮሚቴዎች አደባባይ ወጡ። በስተ ቀኝ ባለዳሱ፣ በስተ ግራ ይርዳው። የይርዳው ከበሮ የባለዳሱን ዋጠው። ሕዝቡ ወደ ግራ ይፈስሳል። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ትርንጎ ዋርካው ሥር ቆማ ታያለች። አለቀ፣ አለች በልቧ። ድልድዩ ቆመ።

ያን ጊዜ ዝናብ ጣለ።

እንደ ግንቦት ዝናብ ሳያስጠነቅቅ፣ ከነበረዶው ወረደ። ሰው ተበተነ። ትርንጎ ዋርካውን ተጠግታ ስታይ፣ ባለዳሱ በኩል አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ከበሯቸው ላይ ጣሉ፤ በረዶው መላጣቸውን ይቀጠቅጠዋል። አንዲት ሴት ከበሮዋን እንደ ሕፃን በቀሚሷ ሸፍና ሮጠች። ከይርዳው በኩልም እነዚያ የተላላጠ ከበሮ ያላቸው እንዲሁ አደረጉ። ሌሎቹ ግን? አንዱ ከበሮውን ጭቃ ላይ ጥሎ በረንዳ ገባ። አንዱ ቆመበት። አንዱ እንደ ጃንጥላ አናቱ ላይ ደፋው! አደባባዩ ባለቤት ባጡ ከበሮዎች ተሞላ፤ ውኃ እየጠጡ ቆዳቸው ይላላል።

እነዚያ ራሳቸውን አርጥበው ከበሯቸውን ሸፈኑ። እነዚህ ከበሮውን አርጥበው ራሳቸውን ሸፈኑ።

ትርንጎ አየች። ላለማየት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አደባባዩን ቁልቁል ከሚያየው ሰገነት ላይ ጩኸት ተሰማ። አንድ የታወቀ የጨው ነጋዴ፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ ከበሮ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል።

«እናንተ አረመኔዎች! ከበሮዬን! ቆዳው አለቀ እኮ! ከበሮዬን!»

ትርንጎ ከዋርካው ሥር ወጣች። «የትኛውን ነው፣ ጌታው?»

«ሁሉንም!» አለ ነጋዴው።

ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል። በረንዳው ላይ የተጠለለው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ዝናቡ ሲያባራ ይርዳው እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ባንቺ ሞት! ማን አየ? ዝናብ ነው። ዝናብ ደግሞ ምስክር ሆኖ አያውቅም።»

«እኔ አየሁ።»

«ድልድዩ እኮ ነው! ስንዱን አስቢያት እንጂ!»

«እሷን ሳስብ አይደል እስካሁን አፍንጫዬን የያዝኩት።» ጠጋ አለችው። «ይርዳው፣ ጎዳና የሚሞላ ከበሮ በነፃ አይሰጥም። ምን ጠየቀህ?»

«ምንም።»

«ይርዳው።»

«በሩን ብቻ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የድልድዩን በር።»

«ድልድይ በር አለው እንዴ?»

«የዚህኛው ይኖረዋል። ቁልፉ እሱ ጋ ይሆናል። ያለፈ ሁሉ ትንሽ ጨመር እያደረገ...»

ትርንጎ በሐሳቧ ስንዱን በምጥ አየቻት፤ ራሷን ደግሞ በውድቅት ከአንድ የተቆለፈ በር ፊት ቆማ ቁልፍ ያዡን ስትለምን። ቀና ብላ የገመድ ያለህ አለች።

ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ዋርካው ላይ ተሰቀሉ። የይርዳው ደጋፊዎች ሰደቧት። «ከባለዳሱ ስንት በላሽ?» አሏት። እሷም ወደ ቀኝ ተሻግራ የባለዳሱን ከበሮዎች ትመረምር ጀመር። አንድ ጎረምሳ ሊሸሽ ሲል ያዘችው።

«የማን ነው?»

«የ... የአማቴ ነው። አማት እኮ የራስ ነው፣ እትዬ!»

«እንግዲያው አማትህ ይምቱት» አለችና ከበሮውንም ሰቀለችው። ያን ጊዜ የሰደቧት ሰዎች ሳይወዱ ሳቁ።

ምርጫው ደረሰ። ይርዳው በቀሩት የራሱ ሰዎች ከበሮ ቀሰቀሰ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ተሸነፈ። ባለዳሱ ሹም ሆነ፤ ዳሱንም ሠራ። ክረምቱም ገባ።

ስንዱ ወለደች። ትርንጎ ዜናውን የሰማችው ወንዙ ዳር ቆማ ነው። ወዲያ ማዶ ስንዱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደ ላይ አነሣች።

«ሴት ናት!» ጮኸች።

«ምን?»

«ሴት! አንቺን ትመስላለች! ግትር ናት!» ከዚያም የወንዙን ድምፅ በልጣ «ድልድዩን ለምን ከለከልሽን?» አለች።

«በር ነበረው!»

«ምን ነበረው?»

«በር! በር!»

ስንዱ የሰማች አልመሰለም። ትርንጎ እዚያው ዳር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ወንዙም ለማንም ሳይራራ ወረደ።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል ትርንጎ ተሻግራ የበሩን ነገር ለስንዱ ነገረቻት። በዚያች ከተማም አንድ ነገር ተለወጠ። ሰው የራሱን ከበሮ መፈለግ ጀመረ። ከቆጥ አወረዱ፣ ጠፍሩን አጠበቁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡ። በሚቀጥለው ምርጫ ይርዳው አፍሮ ቤቱ ሊቀመጥ ሲል ራሳቸው ጎትተው አወጡት። «የሰው ከበሮ ካየንብህ ግን እኛው ነን የምንሰቅለው፤ አንተንም ጭምር!» ብለው እየቀለዱ አስጠነቀቁት። ያን ጊዜ አደባባዩ ላይ የተሰማው ድምፅ ወጥ አልነበረም። አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ያስላል። ግን እንዴት ያለ ጩኸት! ከወንዙ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ በየደጃፋቸው ጨፈሩ። ይርዳው አሸነፈ። ድልድዩም ቆመ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ማን እንዳመጣው በአደባባይ እየተጠራ።

በድልድዩ መጀመሪያ ከወዲያ ወዲህ የተሻገረችው ያቺ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ የታየች ልጅ ናት። በገዛ እግሯ። መሐል ላይ ደርሳ ቆመችና ዞር ዞር ብላ አየች።

«አክስቴ፣ እናቴ ሁልጊዜ የምታወራው በር የታለ?»

ትርንጎ እጇን ዘረጋችላት። «የለም፣ የኔ እናት። እለፊ።»

በሕግ ሌላውን ማስቆም ቀላል ነው። ሕግ ሕግ የሚሆነው የምንወደውን ሰው፣ የምንናፍቀውን ነገር ጭምር ሲያስቆምብን ነው። በስውር የተሰጠ ከበሮ ያስጨፍራል፤ ዋጋውን የምንከፍለው ግን ጭፈራው ካለቀ በኋላ በተቆለፈ በር ፊት ቆመን ነው። ስለዚህ መምረጥ የደረሰው ሰው ከበሮው እንዴት እንደደመቀ ብቻ አይስማ፤ ሲረጥብ ማን እንደሚደነግጥ ይይ።

እስቲ እናንተስ፤ ዛሬ ትከሻችሁን የሚያስነቀንቃችሁ ከበሮ ላይ ድንገት ዝናብ ቢጥል፣ ከሰገነቱ በአንድ እግር ጫማ ሮጦ የሚወርደው ማን ይሆን?