አራቱ ቡሎኖችና የሐጂ ሙዘይን ምስክርነት

ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ስሟን ባልጠራው የሚሻል አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ፣ ከትልቁ መስጂድ ጀርባ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት መካኒክ ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት መኪና ጠግነዋል። ቃላቸው የታመነ ስለነበር ባለመኪናና ሹፌር ሲጣሉ «ሐጂ ይዩት» ይባላል። እሳቸው አይተው ከተናገሩ በኋላ ክርክር አይነሣም። እኔ የምነግራችሁ ግን ሐጂ ስለተሳሳቱበት ቀን ነው።

በአንድ የረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ ኢድሪስ የሚባል የእህል ነጋዴ አሮጌ ፒክአፑን አስጎትቶ ወደ ጋራዣቸው መጣ። ሹፌሩ ሸምሱም አብሮት ነበር። ሸምሱ ያን መኪና ስድስት ዓመት የነዳ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ዳገት ላይ ከመኪናው ሥር ኳኳታ ሲሰማ ጭነቱን እንደያዘ አቁሞ «ከዚህ በላይ አልነዳውም» ብሎ ነበር።

ሐጂ ከሥር ገቡ። ከካምቢዮ ተነሥቶ የኋላውን እግር የሚያዞረው ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ባለ ክብ ብረት ከዲፈረንሻሉ ጋር በአራት ቡሎን ይታሰራል። ከአራቱ አንዱ ተቆርጦ ወድቋል። የሁለቱ ጥርስ ተበልቷል። አራተኛው ጎብጦ በእጅ ይዞራል።

«ምን አገኘው?» አለ ኢድሪስ።

ጾሙ ከብዷቸዋል፤ የዐስር ሶላትም ተቃርቧል። ሐጂ የተበላውን ቡሎን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩትና፣ «ጭነት ይዞ ፍሪሲዮን በድንገት የሚለቅ ሰው ሲነዳው እንዲህ ይሆናል» አሉ።

ሸምሱ፣ «እኔ እንደዚያ አልነዳም፣ ሐጂ» አለ።

«ቡሎኑ የሚመሰክረው ይህን ነው» ብለው ለሶላቱ ሊታጠቡ ወደ ውዱእ ሄዱ።

ጋራዡ ውስጥ ሦስት አራት ባለመኪኖች ቆመው ይሰሙ ነበር። ሐጂ አራት አዲስ ቡሎን አስረው መኪናውን አስረከቡ። ኢድሪስም በማግስቱ ቁልፉን ከሸምሱ ተቀበለ። ወሬው በከተማው ስለተዳረሰ፣ ለሸምሱ መኪና የሚሰጥ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ረመዳን አለፈ፤ ተከታዩ ወር ሸዋልም አለፈ። በዙልቂዕዳ መጀመሪያ ያው ፒክአፕ ያንኑ ኳኳታ እያሰማ ተመለሰ። አዲሱ ሹፌር ከዝግታው የተነሣ ሰው የሚያማርርበት ጠንቃቃ ሰው ነው። ሐጂ ከሥር ገብተው ሲያዩ ራሳቸው ያሰሯቸው ቡሎኖች ላልተዋል፤ ጥርሳቸውም መበላት ጀምሯል።

በዚህኛው ቀን አልቸኮሉም። ዘንጉን አወረዱ፤ ክቡን ብረት ፈትተው በናፍጣ አጠቡት። የዓመታት ቅባትና ጭቃ ሲለቅ፣ ክብ መሆን የነበረባቸው አራቱ ቀዳዳዎች ሞላላ ሆነው ታዩ። የብረቱ ፊትም ተበልቶ ስለነበር ከዲፈረንሻሉ አቻው ጋር ገጥሞ አይቀመጥም። እንዲህ ባለ ብረት ላይ የታሰረ ቡሎን፣ ማንም ይንዳው ማን፣ ይላላል፤ ከዚያ ይበላል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የተጋገረው ዝገት ጉዳቱ የቆየ መሆኑን ያሳያል። ሸምሱ መሪውን ከመጨበጡ በፊት የጀመረም ሊሆን ይችላል።

ሐጂ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ከሞተ መኪና ላይ ጤነኛ ክብ ብረት ፈልገው አመጡ። ለቦታው የሚመጥን ጠንካራ ቡሎን ከአዲስ ዳዶ ጋር አደረጉበት። አንዱን ጠበቅ፣ ከፊቱ ያለውን ጠበቅ እያደረጉ በመስቀለኛ አሰሩ። ዳገቱን ራሳቸው ነድተው ሞከሩት፤ ምንም ድምፅ የለም።

ኢድሪስ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ አሮጌውን ብረት አሳዩት።

«ጥፋቱ የሸምሱ አልነበረም» አሉት። «ሳላጥብ ነው ያየሁት። ሳላይ ነው የመሰከርኩት።»

ኢድሪስ ብረቱን ተቀብሎ አገላበጠ። «መኪናው ድኗል፣ ሐጂ። ሰዉም ረስቶታል። አሁን ይህን ቢያነሡት እርስዎም እኔም እናፍራለን» አለ።

«እሱ ሁለት ወር ሙሉ አፍሮ ኖሯል» አሉት ሐጂ።

ያንኑ ቀን ጋራዡን ዘግተው ሸምሱን ፍለጋ ሄዱ። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ዱቄት ለብሶ፣ በትከሻው ጆንያ ሲያወርድ አገኙት። ያዩትን ሁሉ ሳይቀንሱ ነገሩትና፣ «በድዬሃለሁ። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ» አሉት።

ሸምሱ ጆንያውን አስቀምጦ ፊቱን ጠረገ።

«አፉ ብዬዎታለሁ» አለ። «ልጆቼን ግን ትምህርት ቤት የመኪና ሰባሪው ልጆች ይሏቸዋል። የኔ አፉታ እዚያ ድረስ አይሄድም።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልክ ነህ» ብለው ተመለሱ።

በቀጣዩ ጁምዓ፣ ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሳይበተን፣ ሐጂ ሙዘይን ኢማሙን አስፈቅደው ተነሡ። ሸምሱ ከኋላ ረድፍ፣ ኢድሪስ ከፊት ነበሩ።

«ጀማዓዎች፣ በረመዳን ስለ ሸምሱ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። አውቄ አልዋሸሁም፤ ግን ሳላጣራ ተናግሬያለሁ። መኪናውን ያበላሸው የቆየ ብረት ነው። በኔ ቃል ይህን ሰው ቁልፍ የከለከላችሁ ሁሉ፣ ኃጢአቱ በኔ ላይ ነው። የሰማችሁ ላልሰማ አድርሱልኝ።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

ኢድሪስ ማንንም ሰላም ሳይል ወጣ። ሸምሱን ግን እዚያው ደጃፍ ላይ አንድ ባለመኪና ጠርቶ አነጋገረው፤ ቅዳሜ መሪ ጨበጠ። ከሳምንት በኋላ ኢድሪስ ሁለት ሽማግሌና የፒክአፑን ቁልፍ ይዞ ሸምሱ ቤት ሄደ። ሸምሱ ይቅርታውን ተቀበለ፤ ቁልፉን ግን መለሰለት። ለሐጂ ደግሞ ነገሩ ሳያስከፍላቸው አልቀረም። «አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል» እያሉ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «መብታቸው ነው» ከማለት በቀር አልተናገሩም።

ኢማሙ በኋላ፣ «ሸምሱ አፉ ካለዎት አይበቃም ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«የመሰከርኩት ሰው ፊት ነው» አሉ ሐጂ። «ስህተቴን ለብቻው ብነግረው ሸክሙ የሚቀለው ለኔ ብቻ ነበር።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በእኛና በጌታችን መካከል ያለው ተውበት፣ ተጸጽቶ መመለሱ፣ በስውር ይሆናል፤ አላህ ሰሚ ነው። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። ስሙን ያጠፋነው ሰው ስሙ ያለው ጎረቤቱ ጆሮ ውስጥ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሥራ በሚጠይቅበት ደጃፍ ላይ ነው። ሐጂ ሙዘይን እዚያ ድረስ ሄደው መለሱለት። እኛ ብዙዎቻችን ሌላውን ስንከስ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ይቅርታ ስንጠይቅ ግን በሹክሹክታ ነው።