ከሾላው ሥር የቆሙ ጆሮዎች

አንድ ጊዜ ሸጊቱ የምትባል አህያ የድግስ ጨው ተጭና ከቆላ ወደ ደጋ ዳገቱን ስትወጣ፣ እሜት ኤሊ መንገዱ መሐል ቆማ ጠበቀቻት።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አለች ኤሊ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሜት ኤሊ። እርስዎ እዚህ ድረስ በምን መጡ?»

«በእግሬ። አራት ቀን ፈጀብኝ።» ኤሊ ቀና ብላ ጭነቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በይ ጨውሽን አውርጂና እዚህ ጥላ ሥር አረፍ በይ።»

ሸጊቱ አልተንቀሳቀሰችም። ይህን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥታዋለች፤ መንገድ መሐል ጭነትሽን አውርጂ ያላት ፍጥረት ግን ኖሮ አያውቅም። ጭነት የሚወርደው ቤት ሲደርሱ ነው። እዚህ አውርጂ ከተባለች፣ ቤት የሚጠብቃት የለም ማለት ነው።

«ቡላ ነው?» አለች።

«ቡላ ነው፣ ልጄ። መርዶ መንገድ ላይ እንደማይነገር አውቃለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በማለዳ ተሰብስቦ ሊነግርሽ ነበር። ግን የድል ድግስ ጨው ተሸክመሽ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጪ ማየት አላስቻለኝም።»

ጨዉን እዚያው አወረዱት። ሸጊቱ የቀረውን ዳገት ባዶዋን ወጣች። እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም።

ቡላ ባሏ ነበር። እንዴት እንደሞተ ለመናገር ግን አስቀድሞ እንዴት እንዳሸነፈ መናገር ያስፈልጋል።

በዚያ አገር እንስሳቱ ሁሉ ውሃ የሚጠጡበት አንድ መልካ አለ። በበጋ ውሃው ስለሚያንስ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚጠጣ የሚወስን የመልካው አውራ የሚሉት ነበራቸው። አውራው አንገቱ ላይ የነሐስ ቃጭል ያስራል። ጥር በገባ ቁጥር እገጥማለሁ የሚል ካለ ይገጥመዋል፣ ያሸነፈም ቃጭሉን ይወስዳል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቃጭሉ ከአያ ጅቦ አንገት አልወረደም። አያ ጅቦ ከሁሉም በፊት ይጠጣል፤ ከጠጣም በኋላ ሆዱ ስለከበደው እዚያው ውሃው ውስጥ ይተኛል። ሌላው የተረፈውን ጭቃ ይልሳል።

በስምንተኛው ዓመት የሚገጥም ጠፋ። ያን ቀን ቡላና ሸጊቱ ከጨው መንገድ ገና መድረሳቸው ነበር። ሸጊቱ አፏን ወደ ጭቃው ዝቅ ስታደርግ ቡላ አያትና፣ አቧራው እንኳ ከጀርባው ሳይራገፍ ወደ መሐል ገባ።

«እኔ እገጥማለሁ» አለ። «ሸጊቱ ስምንት ቀን ተጉዛ መጥታ ጭቃ አትጠጣም።»

አያ ጅቦ ከውሃው ቀና አለ። «ምሳዬ በእግሩ መጣልኝ» አለ። «ያውም ጨዉን ራሱ ይዞ።» እንስሳቱም ሳቁ፤ ከፍርሃት የተነሣ ማንም ቢናገር ይስቁ ነበር።

አያ ጅቦ አንድ ዘዴ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከኋላ ዞሮ ጭን ይይዛል፤ ከያዘ አይለቅም። አህያ ደግሞ ኋላውን አያይም። ነገር ግን እነዚህ ባልና ሚስት በጨው መንገድ ላይ ያፈሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። እረፍት ባደረጉ ቁጥር ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እሱ የእሷን ኋላ፣ እሷ የእሱን ኋላ ይጠብቃሉ። ሸጊቱ ጆሮዋን ወደ ቡላ ቀኝ ካዞረች በዚያ በኩል የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ ወደ ግራው ካዞረች በግራው ነው፤ ሁለቱንም ቀጥ አድርጋ ወደ እሱ ከቀሰረች፣ ነገሩ ከጀርባው ደርሷል ማለት ነው።

በግጥሚያው ጊዜ ሸጊቱ ሄዳ ከሾላው ሥር፣ ከቡላ ፊት ለፊት ቆመች። አያ ጅቦ ዞረ። ቡላ ዘወር ብሎ አላየውም፤ የሚያየው ሁለት ጆሮ ብቻ ነበር። ጆሮዎቹ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ተመለሱ፣ ከዚያ ቀጥ አሉ። ቡላ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ወረወረ። የአያ ጅቦ ሁለት ጥርሶች ከድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ድምፃቸው ተሰማ።

ቃጭሉን ለቡላ አሰሩለት። ቡላም ማንም ሳይጠጣ በፊት ሸጊቱን አጠጣት። ውሃው ጥርት ብሎ፣ ታች ያለው ጠጠር ይቆጠር ነበር። ሸጊቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ውሃ ታስታውሳለች።

በማግስቱ ቀበሮ መጣ።

«ጋሽ ቡላ፣ ይቺ እግር ተራ እግር አይደለችም» አለው። «እስከ ዛሬ ጨው ለጨው ስትንከራተት መኖሯ ያሳዝናል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮ ከቡላ አልተለየም። የሩቅ አገር እንስሳት የቡላን እግር ለማየት ሲመጡ የሚያስገባ እሱ፣ የሚያስወጣ እሱ ሆነ። ጨው መጫንም ቀረ። «የመልካው አውራ ሲጫን ማን አይቶ ያውቃል?» አለ ቀበሮ፤ ቡላም ነገሩ ትክክል መሰለው። ሸጊቱ ብቻዋን ትወርዳለች፣ ብቻዋን ትወጣለች። መንገድ ላይ ስታርፍ ከፊቷ የሚቆም ስለሌለ፣ ጀርባዋን ለቋጥኝ ሰጥታ ታርፋለች።

አንድ ቀን ከመንገድ ስትመለስ እንግዶቹ መሐል አገኘችው።

«ቃጭሉን አውልቀውና አብረን እንውረድ» አለችው። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እንዴት አወልቀዋለሁ? ሕግ ነው እኮ።»

«እሱ ሲያቃጭል እርምጃህን አልሰማውም። እኔ አንተን የማውቅህ በእርምጃህ ነው።»

ቡላ ሳቀ። ሳቁ ግን ለእሷ አልነበረም፤ ለእንግዶቹ ነበር።

ጥር ሲቃረብ አያ ጅቦ እንደገና እገጥማለሁ ብሎ ላከ። ቀበሮም ከግጥሚያው በፊት የድሉን ድግስ አወጀ።

«ያለ ጨው ድግስ አይሆንም» አለ። «ሸጊቱ ትውረድ።»

«አሁን ከወረድኩ ለግጥሚያው አልደርስም» አለች ሸጊቱ።

«ብትደርሺስ ምን ልትሠሪ ነው? የሚራገጠው እሱ። አንቺ አምናም ጥላ ሥር ነበር የቆምሽው።»

እንስሳቱ ሳቁ። ሸጊቱ ወደ ቡላ ተመለከተች። የእግሩን ነገር አገር ያውቀዋል፤ የጆሮውን ነገር ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቡላ ሊናገር አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ እንግዳ እግሩን ሊያይ የመጣ ነበር። በሚስቴ ጆሮ ነው ያሸነፍኩት ማለት ከበደው።

«ሂጂ» አላት። «ቶሎ ተመለሽ።»

እስከ ገደሉ ጫፍ ግን ሸኛት። ስትወርድ ቃጭሉ ከላይ ሲያቃጭል ትሰማው ነበር፤ አልሄደም፣ ቆሞ እያያት ነው። ተናዳ ስለነበር ጆሮዋን እንጂ ፊቷን አላዞረችም። ያን ፊት አለማዞር ስንት ጊዜ አስባዋለች።

ከመርዶው በኋላ ሐዘኑ ሰነባብቶ፣ ሸጊቱ ውሃ ልትጠጣ ወደ መልካው ወረደች። ገና ከሩቅ ቃጭል ሰማች። ልቧ ሳያስብ ጆሮዎቿ ቀድመው ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ቡላ መጣ ብለው። ስትደርስ አያ ጅቦን ውሃው ውስጥ ተጋድሞ አገኘችው። ከዳር ቀበሮ ቁጭ ብሎ፣ «አያ ጅቦ፣ የቀሩት ጥርሶችህ ተራ ጥርሶች አይደሉም» ይላል።

«አትፍሪ፣ ዛሬ ጠግቤያለሁ» አላት አያ ጅቦ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ንገሪኝ።»

«ምን?»

«እኔ እንደ አምናው ነው የመጣሁት። ከኋላ ከመዞር ሌላ ምን አውቃለሁ? ቃጭሉም እያቃጨለበት ኮቴዬን አልሰማም፤ ቢሆንም እግሩን አንሥቶ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ጉልበቱም አለ። ብቻ መቼ እንደሚወረውረው ጠፋው። ዓይኑ ከዚያ ሾላ ሥር አልነቀል አለ። እኔ ጭኑን ስይዘው እንኳ ያየው ወደዚያ ነው። እዚያ ማን ነበር?»

ሸጊቱ ሾላውን አየችው። ከሥሩ ባዶ መሬት ነበር።

«ማንም አልነበረም» አለች።

«ማንም ከሌለ ታዲያ ምን ያያል?» አለ አያ ጅቦ፤ እውነትም አልገባውም።

ሸጊቱ ውሃውን ሳትጠጣ ተመለሰች። ዳገቱ መሐል የቀረውን የድግስ ጨው ጥቂት ጥቂት እያለች አምጥታ ከሾላው ሥር፣ ያን ጊዜ በቆመችበት ቦታ ላይ አኖረችው። ጨው መላስ የፈለገ ሁሉ ይመጣል። እሜት ኤሊም አጠገቡ ተቀምጣ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ «መጀመሪያ ነፍስ ይማር በል፣ ከዚያ ትልሳለህ» ትላለች። ሸጊቱ ዛሬም የጨው መንገድ ትሄዳለች። ስታርፍ ግን ጀርባዋን ለቋጥኝ መስጠት ትታለች፤ ከፊቷ አንድ አህያ የሚቆምበት ያህል ቦታ ትተዋለች፣ ጆሮዎቿንም ከዚያ ቦታ ማዶ ቀጥ አድርጋ ትጠብቃለች።

ከዚህ የምንማረው አንድ ጊዜ ያሸነፈ ደግሞ ማሸነፍ የሚችለው ያኔ ኋላውን የጠበቀለትን ከአጠገቡ ካላራቀ መሆኑን ነው፤ ቡላ ግን አርቋት እንኳ በመጨረሻዋ ሰዓት ፈልጓታልና፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።