ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

አንድ ገበሬ ነበረ። ታገሺኝ ስንዱ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሰው ራሱ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ውሻ ልኮ ነበር፤ እንደማትመለስም እያወቁ ነው የላኳት፤ ለእውቀት ከሆነ በደል አለበት ወይ? ነው ያልሽኝ። እኔ ሽማግሌው ስለ ጠፈር ምን አውቄ! የማውቀውን ልንገርሽ።

ይህ ገበሬ እህሉን በጉድጓድ ነበር የሚያኖረው። በአገሩ ደንብ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አድሮ ይተንፍስ ይባላል፤ ታምቆ የከረመው አየር ሰው ይገድላልና። እሱ ግን ድግስ ደርሶበታል፣ እንግዶቹንም ጠርቷል። ቀኑ ካለፈ የሚዋረድ መሰለው። ስለዚህ ውሻውን ሊያስቀድም አሰበ።

«እንኪ! እንኪ!» ብሎ ጠራት። ትራፊ ሲሰጣት የሚጠራት እንደዚያ ነበር። ጅራቷን እየቆላች መጣች። ቅርጫት ውስጥ ሲያስገባት እጁን ላሰችው። በገመድ አወረዳት። አልጮኸችም፤ ብቻዋን ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቀና ብላ እሱን ታይ ነበር። ኋላ ማየቱንም ተወች። ጎትቶ ሲያወጣት ሞታለች።

ጎረቤቶቹ «ብልህ ነህ፣ ነፍስህን አተረፍክ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እሱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ያለ አባት ይቀሩ ነበር። ጉድጓዱ ሲተነፍስ አደረ፤ ድግሱም በአንድ ቀን ዘገየ። ያኮረፈ እንግዳ አልነበረም።

እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ሲሄዱ ገበሬው አጥንቱን ሰብስቦ ደጅ ወጣና እንደ ልማዱ «እንኪ! እንኪ!» አለ። የመጣ የለም። አጥንቱን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ «ኧረ ግባ!» ብትለው አልሰማትም። ሚስትና ልጆች እያሉት እንደዚያን ቀን ብቸኛ ሆኖ አያውቅም።

አየሽ ልጄ፣ ማወቅ ክፉ አይደለም። የጉድጓዱም ነገር መታወቅ ነበረበት፣ የሰማዩም። ግን ሰማዩ የት ይሄዳል? እነዚያ ውሻዋን ወደ ጠፈር የላኩትም በዓል ደርሶባቸው ቸኮሉ አሉ። ከጎዳና አንስተው፣ አብልተው፣ በስሟ እየጠሩ አላምደው ነው የላኳት። በደል አለበት ወይ ላልሽኝ፣ አለበት፤ አምናቸው ነበራ!

ነገ ተማሪዎችሽ «ለምን ሄደች?» ብለው ሲጠይቁሽ፣ ለእውቀት ብላ ነው አትበያቸው። የምታምነው ሰው ጠርቷት ነው በያቸው።