የሚጡ ድንጋይ

በወይራ አፋፍ የልጆች መንደር፣ ቤቶቹ ክብ ሠርተው በሚተያዩበት ሜዳ መካከል፣ ለመቀመጫ የተጠረበ የሚመስል፣ ግን ማንም ያልጠረበው ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አለ። ስሙ የሚጡ ድንጋይ ነው። አዲስ ልጅ ወደ መንደሩ ሲመጣ መኪናው በር ላይ ይቆምና ያመጣው ሰው፣ ፖሊስም ይሁን የቀበሌ ሹም ወይም የሩቅ ዘመድ፣ ልጁን እስከዚህ ድንጋይ ድረስ አድርሶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ልጁን እጁን ይዞ የሚጎትት የለም። የየቤቱ እናቶች በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ልጁም ሲያሰኘው ያለቅሳል፣ ሲያሰኘው ድንጋዩ ላይ ጋደም ይላል፣ ሲበቃው ደግሞ ተነሥቶ ደስ ወዳለው ቤት ይገባል። ቢሮው እንኳን ልጁ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚጽፈው ከገባ በኋላ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ አይፈረድበትም። ሽማግሌዎቹ ግን እንዲህ ያለውን እንግዳ አረፍ አድርገው የሚነግሩት ታሪክ አላቸው።

ነገሩ የተጀመረው፣ እንደሚነገረው፣ ያ ክፉ ቀን ባለፈ ማግስት ነው። ረሃቡ ባለፈበት አገር ሁሉ ወላጅ አልቆ ልጅ ቀርቶ ነበርና የአካባቢው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በደቦ ወጥቶ አፋፉ ላይ የሣር ቤቶች ሠራ፤ በየመንገዱ የተገኙትን ልጆች ሰብስቦ አስገባ፤ ባል የሞተባቸውንና ልጅ የሞተባቸውን ሴቶች ለምኖ እናት አድርጎ አስቀመጠ። ቤቶቹ በአንድ መልክ፣ በአንድ ልክ የተሠሩ ስለነበሩ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር ይባላል። ይህ በኋላ ብዙ ጣጣ አመጣ።

ከእነዚያ እናቶች አንዷ ጥሩአየር ትባላለች። የወለደቻቸውን ሁሉ በዚያው ዘመን ቀብራለች። አፈ ፈጣን፣ እጀ ሰፊ ሴት ነበረች፤ ሌላ ልጅ አቅፎ እንደገና መልመድን ግን እንደ እሳት ትፈራ ነበር። የሰጧት ልጅ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ነበረች፤ ጸጉሯ ተንጨባሮ ዓይኗ ላይ የወረደ፣ ፊቷ በረሃብ ያበጠ፣ ቃል የማይወጣት፣ ቀን ከሌት ከጥሩአየር ነጠላ ሥር ተሸጉጣ የምትውል። ስሟን ስላልተናገረች ጥሩአየር ሚጡ አለቻት። ጎረቤቷ ዘሀራም እንዲሁ ቃል የማትተነፍስ ትንሽ ሴት ልጅ ደርሷት ስለነበር እሷም የራሷን ሚጡ ብላት ነበር። ስሟን ያልተናገረች ሴት ልጅ ሌላ ምን ትባላለች?

የመንደሩ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጣጣውም የመጣው ከደግነታቸው ነው። ልጆቹ ደህና ልብስ ለብሶ የመጣውን እያዩ ሲናደዱ፣ ቡትቶ ለብሶ የመጣውን ደግሞ ሲያበሽቁ፣ ቅማሉም ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ሲሻገር አይተው አንድ ቀን ቆረጡ። ያለውን አቡጀዲ ሁሉ አውጥተው ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀሚስ ሰፉ። ሴት ወንድ ሳይሉ የሁሉንም ራስ አስላጩ፤ ቁንጮ እንኳን ትቅርላቸው ብላ የለመነችውን እናት «አንዱን ልጅ ከሌላው ልታስበልጪ ነው?» ብለው ገሠጿት። አሮጌውን ልብስ አቃጥለው፣ ልጆቹን ወንዝ አስወርደው አስጠቡና አዲሱን አልብሰው ሽቅብ ሰደዷቸው።

እናቶቹ በየደጃቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጆቹ ዳገቱን ሲወጡ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም መላጣ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ሆነው «እዩልኝ! አሁን ሁሉም እኩል!» ይሉ ነበር ይባላል። ትልልቆቹ ልጆች እየሣቁ ቤታቸውን ፈልገው ገቡ። ትንንሾቹ ግን ሜዳው መሐል ቆመው ቤቶቹን ቢያዩ ቤቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ጥሩአየር የሚጡን ፊት ከጭቃና ከጸጉር ነጻ ሆኖ አይታው አታውቅም። ሁለት ትንንሽ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው አየችና «ሚጡ!» ብትል ሁለቱም ቀና አሉ።

የትኛዋ ናት? ወደ እሷ ቀረብ ያለችውን እጇን ይዛ ገባች፤ ልጅቱም ዝም ብላ ተከተለቻት። ስትበላ ብታያት የእሷ አልመስል አለቻት። ስትተኛ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ስለተኛች ደግሞ የእሷ መሰለቻት። በማግስቱ ለዘሀራ ይህንኑ ብትነግራት «እት ጥሩአየር፣ ወላሂ የኔዋም እንደዚያ ነበር የምትይዘኝ፤ ደግሞ ትናንት ያስገባኋት ስትተኛ አልያዘችኝም» አለቻት። ተያዩ። «እንግዲያው ተሳስተን ይሆናል» ብለው ልጆቹን ተለዋወጡ። አንድ ቀን አደሩና ሁለቱንም ጭንቅ ያዛቸው፤ ዘሀራ «የመጀመሪያዋ ነበረች መሰለኝ» ብላ መጣች፤ መልሰው ተለዋወጡ። እንዲህ እየተባለ ልጆቹ ከደጅ ደጅ ሲንከራተቱ ሰነበቱ። የሁለቱም ሴቶች ራስ ዞረ። ጥሩአየር የልጅን ፊት መለየት ያቃታት የሞቱባትን ፊትም እየረሳች ስለሆነ መሰላትና ተደብቃ አለቀሰች።

በመጨረሻ ከሁለቱ አንዷ የዘሀራን ቤት ምሰሶ አቅፋ አልላቀቅም አለች። ሌላዋን ሊወስዷት ቢሉ የለችም። ፈልገው ያገኟት ሜዳው መሐል ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። ጥሩአየር ልትይዛት ብትሄድ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ዘሀራም ብትሞክር እንዲሁ። ምሳ ቢያመጡላት አልቀመሰችም፤ በማግስቱም አልቀመሰችም። በጉልበት ሲያስገቧት ጥግ ይዛ ትቀመጥና በሩ ሲከፈት ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ናት። ክረምቱም እየገባ ነበር፤ በአፋፉ ላይ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ያንን መንምኖ የተረፈ ገላ የሚምር ዓይነት አልነበረም። ልጅቱ ካልበላች እንደምትሞት ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ሽማግሌ ሰበሰቡ። አንዱ ዕጣ ይጣል አለ። ሌላው የሁለቱም ጥርስ ይታይ አለ፤ ጥርሳቸው ታይቶ ምን እንደሚደረግ ግን እሱም አያውቅም ነበር። አንዱ ደግሞ ጸጉሯ እስኪያድግ እንጠብቅ ሲል ሌላው «እስከዚያ ምን በልታ?» ብሎ ጮኸበት። እናቶቹም «የኔ ናት»፣ «የለም፣ የኔ ሳትሆን አትቀርም» ሲባባሉ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ይዘው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ግን ምን ላድርግ?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጥሩአየር ከእናቶቹ መሐል ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ አላውቃትም» አለች። «ስንት ቀን ሙሉ አፍጥጬ አየኋት፤ አላውቃትም። ግን እኮ የተላጩት እነሱ ናቸው። እኛ አልተላጨንም።»

«እና?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እናማ የኛ ፊት ያው ነው። እሷ ማንን እንደምትፈልግ ታውቅ ይሆናል። መጎተቱን ትተን እስቲ በራችንን ከፍተን እንቀመጥላት። ወደኔ ካልመጣችም… እሺ፣ አትምጣ።»

የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ፈርታ የነበረው ልጅ መልመድን ነበር፤ ለምዳ ኖሯል።

ሁሉም ተስማሙ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቤቶቹ በር ሁሉ ተከፈተ፤ እናቶቹ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ጋሽ እንድሪስም ወንዶቹን ይዘው ከሜዳው ዞር አሉ። ሜዳው ላይ ልጅቱና ድንጋዩ ብቻ ቀሩ። ጥሩአየር ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ በሩን ላለማየት ምድጃውን ታያለች። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ወጥቼ ልውሰዳት ይሆን? ብወስዳትስ የማን ልጅ ነው የምወስደው? እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት እንባዋ ጉንጯ ላይ መውረዱን እንኳን አላወቀችም። ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

ልጅቱ ናት፤ አቡጀዲዋ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ የጥሩአየርን ፊት ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቀጭን ድምፅ፦

«አንቺ ነሽ?» አለች።

ጥሩአየር ክው አለች። እሷም ያንኑ ጥያቄ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበርና።

«እኔ ነኝ» አለቻት።

ልጅቱ ገባች። የነጠላውን ጫፍ ያዘች። የቀረበላትን በላች።

ያቺ ልጅ አደገች፤ ከጋሽ እንድሪስ ልብስ ስፌት ተማረች፤ መንደሩ ውስጥ ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት እንዳይለብስ ያደረገችውም እሷ ናት ይባላል። አፏ ከተፈታ በኋላ ስሟን ብትጠየቅ አንድ ጊዜ አንድ ስም፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ስም ስለነገረች ሚጡ እንደተባለች ቀረች። ከዘሀራ ቤት የወጡ ሰዎች እስከ ዛሬ «ሚጡ የኛ ነበረች» ይላሉ፤ ከጥሩአየር ቤት የወጡት ይሥቁባቸዋል፤ በበዓል ሲገናኙ ይከራከሩበታል እንጂ የሚፈታው የለም።

ጥሩአየርም አላወቀችም። አርጅታ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ሚጡን ወደ ራስጌዋ ጠርታ «ያን ጊዜ፣ ከመላጨታችሁ በፊት፣ የኔ ነበርሽ?» ብላ እንደጠየቀቻት ይነገራል።

«እኔ እንጃ» አለቻት ሚጡ። «ሁሉንም በር ዞሬ አይቻለሁ። ሁሉም ክፍት ነበር። የምታለቅሺው አንቺ ነበርሽ።»

ከጥሩአየር በኋላ የዚያ ቤት እናት የሆነችው ራሷ ሚጡ ናት፤ አዲስ ልጅ ድንጋዩ ላይ እንዲቀመጥና በሮች እንዲከፈቱለት ደንብ አድርጋ ያጸናችውም እሷ ናት።

ዛሬ የሣር ቤቶቹ በብሎኬት ተተክተዋል፤ በሮቻቸውም ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ተቀብተዋል። ከመንደሩ ወጥተው አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ነርስ የሆኑት ጢም አብቅለው፣ ወፍረው፣ ልጅ አዝለው ለጥየቃ ሲመጡ ማንም ወጥቶ አይቀበላቸውም። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ጥቂት ይቀመጣሉ። ከዚያም ወዳደጉበት ቤት ይሄዱና ደፉ ላይ ቆመው «አንቺ ነሽ?» ይላሉ። ያሳደገቻቸው ሴት ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗት፣ በቤቱ ያለችው አይተዋት የማያውቁ ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች። እሷም አይታቸው አታውቅም። ከውስጥ የሚመጣው መልስ ግን ያው ነው።

«እኔ ነኝ። ግቡ።»