እግሯን ያዳመጠችው አህያ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳም ሸክላም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ እማማ ድንቄ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አንዲት አህያም ነበረቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንስራውን በጭድ ጠቅጥቀው ይጭኗትና ቁልቁለቱን ወርደው ገበያ ይሄዳሉ።

ይቺ አህያ ጉልበት አላነሳትም። ግን ቁልቁለቱን ስታይ ልቧ ድው ድው ይላል። ጥርሷን ትነክሳለች፣ አንገቷን ታደነድናለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ቶሎ ልገላገል ብላ ትንደረደራለች! እንስራዎቹ እርስ በርስ እየተላተሙ፣ «ኧረ ቀስ! ኧረ ፈጀሽን!» ይላሉ። ጩኸታቸውን ስትሰማ ደግሞ ይብስባታል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት እንስራ ተሰበረ። በሁለተኛው ቅዳሜ አራት። እማማ ድንቄ ስብርባሪውን እያዩ አለቀሱ።

«ስሚ ልጄ» አሏት፣ ከገበያ ሲመለሱ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆመው፣ «እኔ የምበላው ከዚህ ጭቃ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ አንድ እንስራ ቢሰነጠቅ ሜዳ ላይ እለቅሻለሁ። ያገኘሽ ይውሰድሽ።»

በዚያ አገር ሜዳ ላይ የተለቀቀ አህያን ማን እንደሚያገኘው እናንተም ታውቃላችሁ። አህያዋም ታውቃለች። አያ ጅቦማ ይጠፋዋል? እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ምን ይሠራል አትበሉኝ፤ ሆዱ ያወጣዋል። እማማ ድንቄ ራቅ ሲሉ ምራቁን ዋጠና፣ «እህት ዓለም፣ እኔ ልምከርሽ። ዓይንሽን ጨፍኚና ከእስካሁኑ የባሰ ሩጪ! ደፋር ማለት እንዲያ ነው» አላት።

አህያዋ ምክሩን ልትቀበል ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አያ እስስትን አየችው። አንድ እግሩን ያነሳል፤ ይቆያል፤ ወዝወዝ ይላል፤ ከዚያ ያሳርፋል። ቅርንጫፉ ቀጭን ነው፣ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ እሱ ግን አይወድቅም። ወይ ግሩም! አፏን ከፍታ ቀረች።

«አያ እስስት፣ ምነው እንዲህ ተንቀረፈፍክ?»

«አልተንቀረፈፍኩም፤ እግሬን እያዳመጥኩ ነው። አንቺስ፣ አሁን የቀኝ የኋላ እግርሽ የት ነው?»

አህያዋ ዞራ ልታይ ስትል፣ «ሳታዪ!» አላት።

«እንግዲያው አላውቅም» አለች አፍራ።

«ስንት ዓመት ተሸክሞሽ፣ የት እንዳለ እንኳ አታውቂም?» ብሎ ሳቀባት።

ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ያለ ጭነት፣ አብረው ቁልቁለቱን ወረዱ። «አንገትሽን ልቀቂ» ይላታል። ትለቃለች። «ተንፍሺ» ይላታል። ትተነፍሳለች። «አንዱ ኮቴሽ መሬቱን ሳይጨብጥ ሌላውን አታንሺ» ይላታል። እዚህ ላይ ትቸኩላለች፤ ትንሸራተታለች፤ ትወድቃለች። «እንደገና!» ይላታል። ማክሰኞ ስትወድቅ አለቀሰች። ረቡዕ ስትወድቅ ሳቀች። ሐሙስ ሰውነቷ ላላ፤ ትከሻዋና ዳሌዋ ተስማሙ፤ ጠጠር ሳታንከባልል ወረደች። እንዴት እንደምታምር! አያ እስስት ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቅቶት መልኩን መለወጥ ረሳ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቁልቁለቱ ሙልጭልጭ ብሏል። እማማ ድንቄ ስምንት እንስራ ጫኑባት። እንስራዎቹም «ዛሬስ አለቀልን!» ተባባሉ።

የአህያዋ ፍርሃት አልጠፋም፤ ልቧ ድው ድው ይላል። አንገቷን ለቀቀች። ተነፈሰች። አንድ እግር። ቆም። ሌላ እግር። ቆም። እንስራዎቹ ዝም አሉ። ትንሿ እንስራ፣ «ቆመናል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

መሃል ላይ ሲደርሱ አያ ጅቦ «ኡኡኡ!» ብሎ ዘሎ ወጣ። እማማ ድንቄ ደንግጠው ተንሸራተቱ፤ እንደምንም የአህያዋን ጀርባ ያዙ። የአህያዋ አንገት ሊደነድን ቃጣው። እሷ ግን አራት እግሮቿን አንድ በአንድ፣ «አላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አራቱም «አለን» አሏት። እነሱ ላይ ቆመች፤ እማማ ድንቄም እሷን ተደግፈው ቆሙ። አያ ጅቦ ግን በዘለለበት ጭቃው አንሸራተተውና እየተንከባለለ ወንዝ ገባ።

ገበያ ላይ ገዢ ዓይኑን ብቻ አያምንም፤ እንስራውን በጣቱ ያንኳኳል። ደህናው ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሴቶቹ ማንኳኳት ጀመሩ። አንደኛው አቃጨለ። ሁለተኛው አቃጨለ። ሦስተኛው አቃጨለ። አህያዋ ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀች። የመጨረሻውም አቃጨለ!

አንዷ ገዢ ተገርማ፣ «እማማ፣ በዚህ ጭቃ ስምንቱንም በደህና አወረዱት?» አለቻቸው።

እማማ ድንቄ የአህያዋን አንገት አቅፈው፣ «እሷ ያወረደችን ዘጠኝ ነን» አሉ። «ስምንት እንስራና እኔ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ፍርሃትን የሚያሸንፍ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሮጥ አይደለም፤ እየፈራም ቢሆን እግሩን የሚያዳምጥ ነው። በሉ፣ ተነሡና ወደየቤታችሁ፤ ስትሄዱም ቀስ ብላችሁ!